የቀበቶው ቀዳዳዎች

«እርጉዝ አይደለችም» አለች ሐኪሟ። የወር አበባዋ ከቀረ ወራት ያለፏት ልጅ ገና ከሚዛኑ አልወረደችም። እናትየው «ተመስገን! ከሰው አፍ አወጣኸን» ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

ሐኪሟ ግን ልጅቷ ለመመዘን የፈታችውን ቀበቶ ለእናትየው አቀበለቻት። «የቀረባት ስለከሳች ይመስለኛል። ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የምትበላው?»

«እኔማ ሱቅ ነው የማመሸው…» ብላ ጀመረችና ቀበቶውን አየች። ከፋብሪካው ቀዳዳዎች አልፎ በሚስማር የተበሱ ሌሎች ተደርድረዋል። እናትየው ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የደንበኛን ወገብ ገና ከበር ላይ አይታ ልኩን የምትናገር። አንገቷ ላይ ረስታው የመጣችውን ሜትር አውርዳ ወደ ልጇ ተጠጋች።

ስንቱ ሰው ሲለካ ልጅቷ እናቷ ሱቅ ጥግ ተቀምጣ አይታለች። ማንም ሳያዛት፣ ተራው እንደደረሰ ደንበኛ፣ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ቆመች።