በጣት የተነበበ ደብዳቤ

ዓይናችን ውስጥ ሌንስ ከተተከለ ወዲህ የሰው የእጅ ጽሑፍ አይታየንም፤ ሌንሱ ሁሉንም ወደ አንድ ዓይነት የማተሚያ ፊደል ይቀይረዋል። የፍቅር ደብዳቤ እንኳ እንደ ፋብሪካ በር ጽሑፍ ወፍራም፣ ጠባብና ማዕዘኑ የሾለ ሆኖ ነው የሚነበበው። እናቴ ከደብረ ሲና «ደህና ነኝ፣ ሥራህን ትተህ አትምጣ» ብላ ስትጽፍልኝ ፊደሎቹ እንደ ብረት ቀጥ ብለው ነበር። አምኜ ቀረሁ። በሳምንቱ ሞተች።

በሠልስቷ ዕለት፣ ሌንሱን እምቢ ያሉት ጎረቤቷ እትዬ የሺእመቤት ደብዳቤውን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«ምነው ጨከንክ ልጄ? እጇ እንዲህ መንቀጥቀጡን እያየህ?»

«እኔ አይታየኝም፤ እስቲ በጣትዎ ያሳዩኝ» አልኳቸው።

ጣታቸው በመስመሩ ላይ ሄደ፤ ተጠማዘዘ፣ ቆመ፣ ወደ ታች አዘቀዘቀና ከወረቀቱ ጠርዝ ወጣ። እኔ የማየው ግን ያንኑ የፋብሪካ በር ጽሑፍ ነው፤ ቀጥ ብሎ «ደህና ነኝ» ይላል።