ሙሾ አውራጇ ዘርፈሽዋል እና የተከለከለው ለቅሶ

«ዘርፌ! ኧረ ዘርፌ! አልሰማሽም? የሚሲዮኑ ሰውዬ ሌሊት ሞተ እኮ!»

ከቤተ ክርስቲያን መልስ በአጥሩ ላይ አንገቷን ያሰገገችው ጎረቤቷ ንጋቷ ነበረች።

ዘርፈሽዋል እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ...

ብድግ አለች። ተቀመጠች። ደግሞ ብድግ አለች።

ዘመኑ 1959 ዓ.ም.፣ አገሩ ደብረ ብርሃን ነው። ዘርፈሽዋል ከእነዋሪ እስከ ጎረቤላ አቻ ያልተገኘላት ሙሾ አውራጅ ነበረች። እሷ ያላለቀሰችለት ሰው «ሳይሞት ነው የተቀበረ» ይባል ነበር።

ሟቹ ደግሞ ፓስተር ገብረአብ። የአንኮበር ልጅ፣ የቀድሞ ዲያቆን፤ ኋላ ባፕቲስት ሆኖ በአንዲት የቆርቆሮ ቤት ሲሰብክ የኖረ።

ከተማው በስሙ አይጠራውም። «ፀረ ማርያም» ነው የሚለው።

ግን ቸር ከተማ ስለሆነ... ድንጋይ የሚወረውርበት አልፎ አልፎ ብቻ ነበር።

«ቀብሩ መቼ ነው?» አለች ዘርፈሽዋል።

«ምን አገባሽ? የነፍስ አባትሽ አለቃ ወልደአረጋይ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ምን እንዳሉ አልሰማሽ! እዚያ ቀብር የተገኘ ሰው እሱ ሲሞት ፍትሐት የለውም ብለው አውግዘዋል!»

ዘርፈሽዋል ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቀዘቀች... መልሳ አቀናችው... ደግሞ አዘቀዘቀችው።

ያ ክፉ ዓመት ታወሳት። ፈንጣጣ ልጇን አመተ ማርያምን የወሰደባት ዓመት።

በሽታውን ፈርቶ ሰው ሁሉ ሸሻት። ለስንቱ ሬሳ ያለቀሰች ሴት ለልጇ አልቃሽ አጣች!

በሩን ገፍቶ የገባው ገብረአብ ነበር።

ልጅቷን ገንዞ፣ ተሸክሞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አደረሰላት። ወደ ግቢው እንዳይገባ ስለተከለከለ ደጅ ቆሞ፣ ዝናብ እየመታው አለቀሰ።

ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ፀረ ማርያም ቤቴ ገባ ይባላል እንዴ?

«አንቺ ንጋቷ፣ ግን... ለነገሩ ነው... ለሱ ሙሾ ቢወረድ ምን ይባላል? አንበሳ ገድሏል?»

«አንበሳ? ዶሮ እንኳ ጎረቤት ነበር የሚያርድለት!»

«ተሟግቶ መሬት ረትቷል?»

«የራሱንም ለወንድሞቹ ለቆ ነው የመጣ።»

«የፈረስ ስምስ?»

«ፈረስ መቼ ኖሮት! በእግሩ ነው የሞተ።»

ዘርፈሽዋል መቋቋም አቃታት። ተነሥታ ወጣች።

«ወዴት ነው?»

«ላሜ ጠፍታለች። ልፈልጋት።»

«ላምሽ ያቻት ታመሰኳለች!»

«ሌላዋን ነው።»

«ሌላ ላም መቼ አለሽና?»

«ጠፍታ ነዋ!»

ቀብሩ ከበሬሳ ወንዝ ማዶ ነው። መካነ መቃብሩ ስለተከለከለ፣ አንድ ገበሬ ከግጦሹ ጥግ ላይ ቦታ ሰጥቷል።

ዘርፈሽዋል መበለቲቱን ወለተሐናንና ጥቂት ምእመናንን ብቻ አገኛለሁ ብላ ነበር።

ግን... ሜዳው በሰው ጠቁሯል!

«እኔ እንኳ በግ ጠፍቶብኝ ነው» አለ ሥጋ ሻጩ ታመነ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ።

የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ወይፈን ጠፍቶበታል። ጠጅ ጣይዋ አህያ።

ያን ዕለት ደብረ ብርሃን ላይ የጠፋው ከብት ቁጥር ስፍር አልነበረውም...

ንጋቷ ራሷ እያለከለከች ደረሰች። «ላምሽን ላፋልግሽ ብዬ ነው!»

ለካ እያንዳንዱ «ለኔ ብቻ ነው የደረሰልኝ» ብሎ ውለታውን በየጓዳው ደብቆት ኖሯል!

«አለቃ መጡ!» አለ አንዱ።

ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። አለቃ ወልደአረጋይ በበቅሎ ተቀምጠው መጡ።

«እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ። እኔ በቅሎዬ ጠፍታብኝ ነው።»



በቅሎዋ ጆሮዋን ወዘወዘች። ማንም አልሳቀም። ጨዋ ከተማ ነው።

ዘርፈሽዋል ቀረበች።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ። ፍትሐቴ ይቅርብኝ እንጂ ሳላለቅስለት ማደር አልችልም። ግን በምን ላንሣው? ሙያ የለው!»

አለቃ ሊወርዱ እግራቸውን ሰደዱ። እግራቸው መሬቱን አጣው። ታመነ ሮጦ ደገፋቸው።

«ሙያ የለውም?» አሉ። «ዓይኔ ፊደል መለየት ካቆመ ቆየ፣ ልጄ። ከታወቀ ከደብሩ ያወጡኛል ብዬ ደበቅሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የእሑዱን ተአምረ ማርያም የሚያነብልኝ እሱ ነበር። እስክይዘው ይደጋግምልኛል። እሑድ መጽሐፉን ዘርግቼ በቃሌ እወጣዋለሁ...»

«ማ?» አለች ንጋቷ። «ፀረ ማርያሙ?!»

«እሱ። አንድ ቀን 'አንተ ይህን ታምንበታለህ?' አልኩት። 'በሱ ላይ ሌላ ቀን እንከራከራለን አባቴ፣ አሁን እሑድ ደርሶብናል' አለኝ... ክርክሩን ሳንጀምረው ሞተ።»

«ታዲያ ጠዋት ለምን አወገዙ?» አለች ንጋቷ።

«ሕዝቡ ምን ይለኛል ብዬ ነዋ!»

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ።

ሕዝቡ እዚያው ነበር።

«አልቅሺለት» አሉ አለቃ። «የኔን ፍትሐት የሚያደርስ ከተገኘ፣ ያንቺንም እሱው ያደርሰዋል።»

ዘርፈሽዋል ደረቷን መታች...

«ከደጅ ቆሞ አልቃሽ፣ ግባ ያላሉት፣
ከተማው ደጅ ወጣ ዛሬ በሱ ሞት!»

ሜዳው በለቅሶ ተናወጠ። ታመነ ሥጋ ሻጩ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ወለተሐና ዘርፈሽዋልን ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«እኅቴ፣ እኛ ጋ እንኳ ሙሾ አይወረድም። ጌታን ተስፋ እናደርጋለንና።»

ዘርፈሽዋል ደንግጣ እጇን ከደረቷ አወረደች።

መበለቲቱ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች...

«ግን እስቲ ድገሚው።»

📌 ትምህርቱ፦ ባለውለታህን ሳይሞት በስሙ ጥራው። «ሰው ምን ይለኛል» እያልክ የምትፈራው ሰው... እሱም ያንተን አፍ ፈርቶ ነው ዝም ያለው።

እናንተስ? በሰው ፊት ስሙን ለማንሣት የምታፍሩበት ባለውለታ አላችሁ? ማን ነው?

ኮሜንት ላይ ጻፉልን... ለማንም አንናገርም። 🙏