ድምፅ የሚሰማ ቴሌቪዥን

ባልና ሚስቱ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የገቡት ከምሳ በኋላ ነበር። ባልየው ግድንግድ ነው፤ በሩን ያለፈው ጎንበስ ብሎ ነው። ሚስትየዋ ትከሻው ላይ አትደርስም። የቀኝ እጇ ጣቶች በፋሻ ተጠቅልለዋል።

«በር ተዘግቶባት ነው» አለ ባልየው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

የሱቁ ቴክኒሻን ፋሻውን አየት አደረገች። ታላቅ እህቷም እንዲሁ ትል ነበር፤ አንዴ በር ነው፣ አንዴ ደረጃ ነው። በመጨረሻ ባሏ መንጋጋዋን ሰብሮ ወለል ላይ ጥሏት ሄደ፤ በሦስተኛው ቀን ሬሳዋ ተገኘ።

«ምን ዓይነት ቴሌቪዥን ነው የፈለጉት?»

«ከቤቱ ጋር የሚነጋገር። በሩን፣ መብራቱን፣ ካሜራውን፣ ሁሉንም አንድ ላይ የሚያዝልኝ።»

ሦስት አሳየችው። የመጀመሪያው ምስሉ ያምራል፤ ግን ከራሱ ፋብሪካ ካልወጣ የበር ቁልፍ ጋር አይግባባም። ሁለተኛው ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር የሰው ድምፅ አይሰማም። ሦስተኛው ያገኘውን ቁልፍና ካሜራ ሁሉ ይቀበላል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ከየትኛውም ክፍል ሲጠሩት ይሰማል።

«እኔ ቤት ከልጆቼ ይልቅ የሚሰማኝ እሱ ነው!» አለ የሱቁ ባለቤት ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ እየሳቀ።

ባልየው አልሳቀም። «ሁሉንም ክፍል ባንዴ ያሳያል? የቱ ጋ እንዳለች ማወቅ አለብኝ።»

«ያሳያል።»

«ድምፅስ ይቀዳል? መብራት ቢጠፋ በሩ ይታዘዘኛል?»

«ቁልፉ የራሱ ባትሪ አለው።»

«ሌላ ቀን ብንመለስ አይሻልም?» አለች ሚስትየዋ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ አንዱን ሪሞት ይዛ እጇን ከፍ እያደረገች። ባልየው አንጓዋን ቀጨም አደረገው። እስክታቃስት ድረስ ጨመቃት። ሪሞቱ ወለሉ ላይ ወድቆ ተበታተነ።

«ሦስተኛውን እንወስዳለን» አለ። ግንባሩ በላብ ተጠምቋል።

በማግስቱ ጠዋት ቴክኒሻኗ ልትገጥምላቸው ሄደች። አሮጌው ቴሌቪዥን ማዕዘን ላይ ቆሟል፤ መስታወቱ መሀሉ ላይ ተቀጥቅጦ ጎድጉዷል። ኮሪደሩ ላይ ያለች የአንዲት ጠባብ ክፍል በር በመጥረቢያ ተፈልጦ ጣውላ ተለጥፎበታል። መቃኑ ላይ የደረቀ ደም አለ። ከውስጥ በኩል ሦስት መቀርቀሪያ፣ መሬት ላይ ስስ ፍራሽ፣ መስኮቱ ላይ የጢም መላጫና አንድ ብርጭቆ ውኃ።

«እዚህ ነው የምትደበቀው» ብላ አሰበች። ደሟ ፈላ።

ካሜራዎቹንና ቁልፎቹን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታ ስትጨርስ ባልየው መጣ።

«የኔን ድምፅ ብቻ መዝግቢ። የሷን እንዳትመዘግቢ።»

መዘገበችው። «ክፈት» አለ፤ በሩ ተከፈተ። ደጋግሞ ሞከረውና ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ዝቅ አለ። ከዚያ ስልክ ተደወለለትና ወደ ግቢው ወጣ።

ቴክኒሻኗ ወደ ሚስትየዋ ተጠጋች።

«እህቴ፣ እንደሚመታሽ አውቃለሁ። የሱን ድምፅ አጥፍቼ ያንቺን ልመዝግበው። ሁሉም በር ላንቺ ብቻ ይታዘዛል።»

ሚስትየዋ ትክ ብላ አየቻት። «እሱ ቢጮህስ?»

«ለሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።»

የሚስትየዋ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ቴክኒሻኗን እቅፍ አድርጋ ጉንጯን ሳመቻት።

ቴክኒሻኗ የባልየውን ድምፅ አጥፍታ የሷን ከመዘገበች በኋላ አንድ ነገር ደግሞ ለማንም ሳትናገር ጨመረች፤ ቤቱ ውስጥ ጩኸት ከተሰማ ምስሉ ወደ ስልኳ እንዲመጣ።

ሱቅ ተመልሳ ካርቶን ስትከፍት ስልኳ ጮኸ። ከወጣች ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም። ኮሪደሩ ታያት። ነጩ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደም ተረጭቶበታል። ባልየው ሸሚዙ በደም ርሶ የውጭውን በር በሁለት እጁ ይደበድባል።

«ጨርሷት ሊያመልጥ ነው!» ብላ ጮኸች። የሱቁ ባለቤት ፖሊስ ጋ ደወለ።

ቴክኒሻኗ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ለእህቷ ያላደረገችውን ዛሬ አድርጋዋለች። «የትም አትሄድም!» አለች ጥርሷን ነክሳ። «በሩ አይሰማህም!»

ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ክፈት! ክፈት! ኧረ የሰው ያለህ!» ይላል ባልየው።

ሚስትየዋ ደም የሚያንጠባጥብ ቢላዋ ይዛ ከኩሽና ብቅ አለችና ሳትቸኩል ወደ ባሏ እየተራመደች «ሁሉንም በር ቆልፍ» አለች፤ ቴሌቪዥኑም «እሺ» አላት።