ሃያኛው አልጋ

የለጋሹ ድርጅት ድጋፍ የሚሰጠው ጧሪ የሌላቸው ሃያ አረጋውያን ላሉት መጦሪያ ቤት ነው። የመጦሪያ ቤቱ ሃያ ስሞች ተልከው፣ የድርጅቱ ጎብኚ ልትመጣ ሦስት ቀን ሲቀራት እማማ የውብዳር አረፉ። የቤቱ ሥራ አስኪያጅ የጉብኝቱ ቀን እንዲራዘም ድርጅቱን በኢሜይል ቢለምን፣ "ቁጥሩ ካልሞላ በሚቀጥለው ዓመት ያመልክቱ" የሚል መልስ መጣለት። አዲስ ሰው ለማስገባት የቀበሌው ደብዳቤ ብቻ አንድ ወር ይፈጃል። ያለ ድጋፉ ቤቱ እስከዚያ ይዘጋል፤ የቀሩት አሥራ ዘጠኙም ወደ መጡበት የቤተ ክርስቲያን ደጅ ይመለሳሉ።

በጉብኝቱ ዕለት ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አንዲት አሮጊት በታክሲ አመጣና የሟቿን ስም አስጠንቶ በእማማ የውብዳር አልጋ ላይ አስቀመጣቸው።

ጎብኚዋ ከሃያው አልጋ ሁሉ መርጣ እሳቸው ዘንድ ተቀመጠች።

"ልጅ የለዎትም፣ እማማ የውብዳር?"

አሮጊቷ ቀና ብለው ሥራ አስኪያጁን አዩት። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

"የለኝም።"

"ዘመድስ?"

"ማንም የለኝም።"

ጎብኚዋ እንባዋን ጠራርጋ ቅጹን አወጣች። አሮጊቷ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ፤ ፎቶም ተነሡ። "በየሦስት ወሩ እየመጣሁ አይዎታለሁ" ብላ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። ለሥራ አስኪያጁም "እንኳን ደስ አላችሁ" አለችው።

የጎብኚዋ መኪና ከግቢው ስትወጣ ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ ወደ አሮጊቷ ተመለሰ።

"እማዬ፣ አለቀልን! ነይ ተነሺ፣ ቤታችን እንሂድ።"

አሮጊቷ ብርድ ልብሱን እስከ ደረታቸው ሳቡት።

"እኔ የውብዳር ነኝ፣ ጌታዬ" አሉት። "ልጅ የለኝም ብዬ ፈርሜያለሁ።"