የፕሮፌሰሩ ዕድሜ

ፕሮፌሰሩ ዕድሜያቸውን የፈጁት የትል ዕድሜ ሲያራዝሙ ነው። የተጎዳ ዲኤንኤውን ቶሎ የሚጠግን ትል ዘግይቶ ያረጃል፤ ይህን ያላወቀ ሁሉ እርሳቸው ዘንድ ከሰው አይቆጠርም። «ማርና ጥቁር አዝሙድ ወጣት ያደርጋል» የሚል ሰው ከገጠማቸውማ፣ «ዕድሜ በወሬ አይቀነስም፣ መሃይም» ብለው ያሸማቅቁታል።

ጡረታቸው ሲደርስ የሦስት ዓመት ታናሽ ወንድማቸውን ደምሰውን ለምስክርነት ፍርድ ቤት ይዘውት ሄዱ።

«ጋሼ፣ ዕድሜዎን በስንት ልቀንስልዎ?» አላቸው ደምሰው፣ ቦርሳቸውን ተሸክሞ ከኋላ እየተከተለ።

«አምስት ዓመት ይበቃል።»

ደምሰው ምሎ መሰከረ፤ ዳኛውም አጸደቁ። ደጅ ሲወጡ ቦርሳውን መልሶ እጃቸው ላይ አስቀመጠው።

«በል ያዝ» አላቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ የምትለው እኔን ነው።»