መፈተሻው የከሰሰው

የብረት መፈተሻው ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። ለስብሰባ የተጠሩት የኔታ ወልደሩፋኤል መስቀላቸውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍና ጫማቸውን ሳይቀር አስቀምጠው፣ በመካነ ሰላም አዳራሽ ደጃፍ በባዶ እግራቸው ቆመው ነበር። ከአዲስ አበባ የሚጠበቀው ባለሥልጣን ሊደርስ ነው። «ቦምብ ደብቀዋል፤ ውሰዷቸው!» አለ በሩ ላይ የቆመው ካድሬ። አንድ ወታደር ክንዳቸውን ያዘ።

«አንዴ ጓድ» አለች መፈተሻውን የምታሠራው አሥር አለቃ ሐረግ። ቀበቶዋን ፈታች፤ ሰዓቷንና የፀጉር ሽቦዋን አውልቃ ራሷ አለፈችበት። ጮኸ። «እንግዲህ እኔንም ውሰዱኝ።» ከዚያ ዓይኗን ከመፈተሻው መብራት ሳትነቅል ቆመች። በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንዲህ የረጋ ሰው የኔታ አይተው አያውቁም። ነፋስ የአዳራሹን የቆርቆሮ በር ባወዛወዘ ቁጥር፣ ማንም ሳያልፍ መብራቱ ቦግ ይላል። ይህን ስታይ መፈተሻውን ከበሩ አርቃ አስተከለችው።

«አሁን ይለፉ፣ የኔታ።»

አለፉ። ድምፅ የለም።

«ዋሽቶ ነው ልጄ?»

«አልዋሸም፣ የኔታ። የበሩን ቆርቆሮ ነው ያገኘው።»

የኔታ ወደ ካድሬው ዞሩ። «እንግዲያ በሩን ውሰዱታ!»

ቀድሞ የሳቀው ክንዳቸውን የያዘው ወታደር ነበር።