ከስም በፊት ደም የሚጠይቀው መተግበሪያ

ንኪሩካ የመጀመሪያውን የፍቅር መተግበሪያ ከስልኳ ያጠፋችው አንዱ ገና ሰላም ብሏት ሳይጨርስ የእግሯን ፎቶ ሲጠይቃት ነው። ሁለተኛው የጨዋ ክርስቲያኖች መገናኛ ነው ሲሏት ገባችበት። ግማሾቹ ሚስት ያላቸው ሆኑ፣ ግማሾቹ ደግሞ እንደገና ሊያጠምቋት የሚፈልጉ። እሱንም አጠፋችው።

«ችግሩ ካንቺ ነው» አለቻት ቦላንሌ። ሁለቱ ሌጎስ፣ ሱሩሌሬ ሰፈር አንድ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። «መተግበሪያ ማለት ጫማ ነው፤ እግርሽን ሳታውቂ አትገዢም። ምን ዓይነት ሰው ነሽ? ምንድነው የምትፈልጊው?»

«ትዕግሥት የሌለኝ ሰው ነኝ። የምፈልገው ባል ነው። ኤኤ የሆነ።»

«አንቺ፣ ሰው ነው የምትፈልጊው ወይስ ደም?»

«ደሙ ካልሆነ ሰውየው ምን ያደርግልኛል?»

ቦላንሌ ምክንያቱን ታውቀዋለች። ንኪሩካ ኤኤስ ናት፤ እሷን ባያማትም በደሟ የሕመም ዘር ይዛለች፣ ኤኤ የሆነ ሰው ግን ምንም የለበትም። ሁለት ኤኤሶች ከተጋቡ የሚወልዱት ልጅ ዕድሜ ልኩን በደም ሕመም ሊሠቃይ ይችላል፤ አገሩ ሁሉ ከፍቅር በፊት ይህን የሚጠያየቀው ለዚህ ነው። የንኪሩካ ታላቅ ወንድም በዚሁ ሕመም አጥንቱን እየቆረጠመው፣ ሲጮኽ ውሎ ሲጮኽ እያደረ፣ ገና ጢሙ በቅጡ ሳይወጣ ሞተ። እሷም ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ከዚያ ሁሉ አዲስ ተማሪ ጋር ተሰልፋ ለምርመራ ደም ሰጥታ «ኤኤስ» ስትባል አልደነቃትም።

የመረራት የያኔ ፍቅረኛዋ ሶማዲናም ኤኤስ መሆኑ ነው። ሦስት ዓመት ተዋደዋል። እሱ «ግድ የለም፣ እንጋባ፤ እግዜር ያውቃል» ብሎ ለምኗት ነበር። የወንድሟን ጩኸት የሰማችው ግን እሷ ናትና እምቢ አለችው። ዛሬ ፖርት ሃርኮርት ውስጥ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው። የልጆቹን ፎቶ ባየች ቁጥር ትክክለኛውን አድርጌያለሁ ትላለች፤ ሌላ መጽናኛ የላትም።

ሦስተኛው መተግበሪያ ስም ከመጠየቁ በፊት ደም ይጠይቃል። ዙሪያ ጥምጥም የለውም፤ ልክ እንደ እሷ ችኩል ነው። እዚያ ላይ ነው ኦሳዜን ያገኘችው። የቤኒን ከተማ ልጅ፣ ግዙፍ፣ የአሳንሰር ጠጋኝ። ደሙ ኤኤ ይላል።

ከሱያ ጠባሹ ዘንድ ቆመው ሥጋውን በቃሪያ እየበሉ ብዙ አሳቃት። ወደደችው። ለዚህ ነው ቶሎ የጠየቀችው።

«የምርመራ ወረቀትህን አሳየኝ።»

«ቤት ስቀይር ጠፋብኝ።»

«እንግዲያው ሄደን እንመርመርህ።»

«በሚቀጥለው ሳምንት።»

በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ በዛበት። ከዚያ ጉንፋን ያዘው። ከዚያ የአጎቱ ልጅ ሠርግ ነበር። ንኪሩካ አንጀቷ አረረ። ይህን ዘፈን ታውቀዋለች። የቦላንሌ እህት የታጨችለት ሰውዬ እንዲሁ ዛሬ ነገ ሲል ከርሞ፣ ድንኳን ከተከራየ በኋላ ነው ኤኤስ መሆኑ የታወቀው። በዕድሜው የሚዋሽ ወንድ ትችላለች። በደሙ የሚዋሽ ግን ባልተወለደ ልጅ ላይ ነው የሚፈርደው።

«ቁርጡን ንገረኝ!» ብላ ጮኸችበት መንገድ ላይ። «ኤኤስ ነህ አይደል? እንደ ሌሎቹ ውሸታም ነህ!»

ኦሳዜ አንገቱን ደፋ። «መርፌ እፈራለሁ።»

«ይሄን የሚያህል ሰውዬ?»

«ይሄን የሚያህል ሰውዬ ሲወድቅ ድምፁም ትልቅ ነው፣ ንኪሩ። እሺ፣ እሄዳለሁ። ግን አንቺም ተወጊ። መጀመሪያ አንቺ ተወጊና ልይ።»

«እኔ ለምን? የራሴን አውቃለሁ።»

«እኔም የራሴን አውቃለሁ ብዬሽ፣ መቼ አመንሽኝ?»

«እሺ፣ ሁለታችንም እንወጋለን» አለችው።

ያባ በሚባል ሰፈር ካለች አንዲት ትንሽ ላቦራቶሪ ሄዱ። ባለሙያዋ ሽበት የወረሳት እናት ናት። ንኪሩካ ክንዷን ሰጥታ መርፌውን ትታ የእሱን ፊት ስታይ ነበር። የእሱ ተራ ሲደርስ ላብ አጠመቀውና ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ንኪሩካ እንኳን ልትራራለት፣ ትወናውስ ግሩም ነው አለች በልቧ።

አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ። እሱ ውኃ ይጠጣል፤ እሷ ትብከነከናለች። ይሄም ኤኤስ ከሆነ በቃኝ፣ የሌላ ሰው ልጆች አክስት ሆኜ እቀራለሁ አለች። ደክሟታል። ከዓመት ዓመት ደህናውን ሁሉ በገዛ እጇ ስትመልስ ኖራ፣ አሁን አንድ ተጨማሪ ሰው ለመመለስ እንኳ አቅም አጣች።

ባለሙያዋ ብቅ ስትል ንኪሩካ ተነሥታ ቆመች።

«የእሱስ ውጤት?»

«እሱ ኤኤ ነው።»

ንኪሩካ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ቅድም በልቧ ያልሰደበችው ስድብ አልነበረም። ኦሳዜ ከአግዳሚው ሆኖ «ውሸታሙ እኔ ነኝ አይደል? የዛሬው ሱያ ባንቺ ነው፣ እመቤት» አላት። ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሳቀች።

«ይቅር በለኝ» አለችው። ወደ ባለሙያዋም ዞረች። «እንግዲህ እሱ ኤኤ ከሆነ፣ እኔ ኤኤስ ብሆንም ለልጆቻችን አያሰጋም፣ አይደል እማማ?»

«ኤኤስ ነሽ ያለሽ ማነው ልጄ? ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንቺም ኤኤ ነሽ፤ ድሮም ቢሆን ያሻሽን ማግባት ትችዪ ነበር።»